እማማ የሚጠሏት አሰልጣኝ

ዲቪ ደርሶኝ ኮኔቲከት የገባሁት በፈረንጆቹ 2009 ነው። ሃርትፎርድ አጠገብ አንዲት አሮጊት ቤት ሆም ኬር ጀመርኩ፣ ማታ ማታ። እኔ እማማ ነበር የምላቸው፣ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያቸው ወደውት ነበር። ከመድኃኒታቸው ሰዓት ቀጥሎ የተነገረኝ ሕግ ዩኮን ሲጫወት ቲቪው ፊት አትቁሚ የሚል ነው። ዩኮን ስላችሁ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ባስኬትቦል ቡድን ነው፣ እዚህ ስቴት እድሜያቸው የገፋ ሴቶች አንድ ጌም አያመልጣቸውም፣ እኔ ደግሞ ኳስ ማለት በእግር የሚመታ ብቻ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ።

እማማ በሕይወታቸው አምርረው የሚጠሉት አንድ ሰው ነበር፣ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ፓት ሰሚት። የልጃቸውን ስም እየሳቱ (መርሳት ጀምሯቸው ነበር) 1995 ጃንዋሪ ላይ ሁለቱ ቡድኖች ዩኮን ሜዳ፣ ስቶርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ዩኮን 77 ለ 66 ማሸነፉን ግን አይረሱም። በዚያው ዓመት ፋይናል ላይ ደግሞ ቴነሲን 70 ለ 64 አሸነፈ፣ በዓመቱ 35 ተጫውቶ 35ቱንም ማሸነፍ ማለት ነው። ይሄን ጌም በቪዲዮ ካሴት ቀድተው አስቀምጠውት ነበር፣ ስንት ሌሊት እንዳየሁት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

እኔን ግን የያዘኝ ጨዋታው ሳይሆን የምላሱ ነገር ነው። የዩኮኑ አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ አፉ አያርፍም፣ ቴነሲን «የክፋት ግዛት» ብሎ ነበር በአደባባይ። 2000 ላይ ከቴነሲ ጋር ፋይናሉ ፊላደልፊያ ሆነ፣ እዚያ ከተማ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት የታወቁ የስጋ ሳንድዊች ቤቶች አሉ፣ አንዱ ፓትስ ሌላው ጂኖስ፣ ልክ እንደ ሁለቱ አሰልጣኞች ስም እኮ ነው! ሰውዬው ታዲያ ይቺን አያልፋትም፣ ስለ ሁለቱ ቤቶች ቀለደ። እማማ ይሄን ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ፣ ሰምና ወርቅ እኮ ነው፣ ሰሙ ሳንድዊች ወርቁ ሴትዮዋ። አክስቴ ቡሬ ላይ ጎረቤቷን የምትወጋው በዚሁ መንገድ ነው፣ ስለ ዶሮዋ እያወራች። ጨዋታውንም 71 ለ 52 አሸነፏት፣ ቁስል ላይ እንጨት።

ጂኖ ራሱ ደግሞ መጤ ነው፣ በ7 ዓመቱ ከጣልያን የመጣ። ይሄን ስሰማ ገረመኝ፣ ምክንያቱም እኔ በዚያ ሰዓት አፌን ዘግቼ ነበር የምኖረው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ኃላፊ በአክሰንቴ ሰው ፊት ትቀልድብኛለች፣ እኔ ፈገግ እላለሁ፣ ቤት ገብቼ ሻወር ውስጥ መልሱን በአማርኛ እመልስላታለሁ፣ አቤት እንዴት እንደምመልስላት! ይሄ ሰውዬ ግን በሰው አገር ቆሞ በማይክ ነው የሚናገረው። ማሸነፍ አፍ ይሰጣል መሰለኝ፣ እኔ እንጃ።

ፓት እንደሱ አልነበረችም፣ ፊቷ ብቻ ይበቃል፣ ያ አይኗ። 2007 ላይ ጭራሽ ከዩኮን ጋር አንጫወትም ብላ ግጥሚያውን አቋረጠች፣ ያውም የመጨረሻውን ጌም እዚሁ ሃርትፎርድ መጥታ አሸንፋ። ያኔ ምክንያቱን ዘርዝራ አልተናገረችም፣ በኋላ ግን ጉዳዩ የማያ ሙር ምልመላ እንደሆነ ታወቀ፣ ሁለቱም የፈለጓት ተጫዋች ናት፣ ዩኮን ወሰዳት፣ ቴነሲም አቤቱታ አቀረበ። እማማ ታዲያ «ፈርታ ነው» ነው የሚሉት። እስከዚያ በጠቅላላው 13 ለ 9 ዩኮን ይመራ ነበር፣ እሱንም በጣታቸው ነበር የሚያሳዩኝ።

2011 ኦገስት ላይ ዜናው መጣ፣ ፓት ሰሚት በ59 ዓመቷ አልዛይመር፣ የመርሳት በሽታው፣ ተገኘባት። አብረን ነበር ያየነው። እማማ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ፣ ቆይተው «እሷንም?» አሉኝ። «እሷንም» የምትለዋ ቃል ገባችኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለራሳቸው በሽታ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ጂኖ ለፋውንዴሽኗ 10,000 ዶላር ሰጠ ሲባል ደግሞ «ደግ አደረገ» ብለው አለቀሱ።

በሳምንቱ ረስተውታል። ካሴቱ ሲከፈት ፓት ብቅ አለች፣ እማማም ስድባቸውን ጀመሩ። እኔ ሞኝ፣ ታማለች እኮ አልኳቸው፣ እንደ አዲስ ደነገጡ፣ እንደ አዲስ አለቀሱ። ልጃቸው ጠርታ ሁለተኛ እንዳትነግሪያት አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አብሬያቸው መሳደብ ጀመርኩ። ፓት ከተቀመጠችበት ተነስታ ዳኛው ላይ ስትጮህ እኔ «እይዋት ደግሞ!» እላለሁ በአማርኛ፣ እማማ ይስቃሉ፣ «ንገሪያት!» ይላሉ። አራተኛው ምሽት ላይ ይሁን አምስተኛው፣ እረፍት ሰዓት ላይ ዞር ብለው ማን የሚያሸንፍ ይመስልሻል አሉኝ። ያስፈራል እማማ፣ ጠንካሮች ናቸው አልኳቸው፣ ሻያቸውን ልጨምር ተነሳሁ፣ ቲቪው ፊት እንዳልቆም በጎን ዞሬ።