ስታክ አላደረገም፣ ጋሼ

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ ለቡና በተሰበሰበበት፣ ቴሪ ጊሊያም እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራውን «ትዌልቭ መንኪስ» የተባለ አእምሮ የሚያዞር የጊዜ ጉዞ ፊልም ላሳያቸው ቃል ገብቼ ነበር። እርሱን ብቻ ከፍቼ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ። እኔ ግን የፊልሙን የዘር ሐረግ ካልቆጠርሁ ብዬ፣ የመነጨበትን «ላ ዠቴ» የተባለ የክሪስ ማርከር የ1962 የፈረንሳይ ፊልም ለማስቀደም ወሰንሁ፤ ርዝመቱ 28 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አቦል እስኪቀዳ ያልቃል በሚል ሒሳብ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ።

«ላ ዠቴ» የተሠራው በቆሙ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ሲሆን፣ ታሪኩን የሚነግረን ከጀርባ የሚሰማ ተራኪ ነው። ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው ከፓሪስ ምድር ሥር የሚኖሩ ሰዎች አንድ እስረኛን ወዳለፈው ዘመን ይልኩታል፤ የተመረጠውም በልጅነቱ በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ያያት ሴት ፊት ከአእምሮው ስላልወጣ ነው። በፊልሙ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ምስል አንድ ብቻ ነው፦ ተኝታ የነበረችው ሴት ዓይኗን ገልጣ ታርገበግባለች። ድንገት አይተው እንዲደነቁ ስለፈለግሁ ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ስታክ አድርጓል።»

አሠራሩ እንደዚያ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው።

«ድምፁ ይሄዳል፣ ሥዕሉ ቆሟል። ታዲያ ስታክ ማለት ምንድን ነው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሰውየውና ሴትየዋ ከተቆረጠ የሴኮያ ግንድ ፊት ቆመው፣ እርሱ ከግንዱ ውጭ ወዳለው ባዶ ቦታ እያመለከተ የመጣሁት ከዚያ ነው ሲላት፣ ትዕይንቱ ከአልፍሬድ ሂችኮክ የ1958 ፊልም ከ«ቨርቲጎ» የተወረሰ መሆኑን፣ በዚያም አንዲት ሴት በግንዱ ቀለበቶች ላይ የተወለደችበትንና የሞተችበትን ቦታ እንደምታሳይ፣ ቀጥለን በምናየው ፊልምም ባለታሪኮቹ በተደበቁበት ሲኒማ ቤት ይኸው «ቨርቲጎ» እንደሚታይ በአንድ ትንፋሽ ተነተንሁ። ጎረቤታችን እትዬ ስኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «እንዲህ ያለ ዛፍ ደግሞ ይቆረጣል?» አሉ።

ሴትየዋ ተኛች። ፎቶግራፎቹ እየተከታተሉ፣ የወፎቹ ጩኸት እየጎላ ሲመጣ፣ ትንፋሼን ይዤ የሰዉን ፊት ማየት ጀመርሁ። በዚህ መሐል ጋሼ «ቆይ፣ እኔ አውቅበታለሁ» ብለው ተነሡና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀሉት። መልሰው ሲሰኩት ፊልሙ ከመጀመሪያው ጀመረ። እህቴ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ በሪሞት ወደ ፊት ስታስሮጠው፣ ሴትየዋን ከነዓይኗ ዘልላ አለፈቻት። መጨረሻውን ግን ሁላችንም በደንብ አየን፤ ሰውየው ኦርሊ ላይ ሲገደል፣ በልጅነቱ ሲሞት ያየው ሰው ራሱ እንደነበረ ይገባዋል።

የሠራሁት ስሕተት የተገለጠልኝ ዋናውን ፊልም ስከፍት ነው። «ትዌልቭ መንኪስ» የሚጀምረው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በቆመ ሕፃን ዓይኖች ነው። 5 ቢሊዮን ሰው የሚጨርሰው ቫይረስ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ፣ ብሩስ ዊሊስም ወደ 1996 ተልኮ በስሕተት 1990 ላይ ሳይወድቅ፣ ጋሼ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይኼ ልጅ ሲሞት የሚያየው ራሱን ነው። ቅድም አይተነዋል እኮ!»

ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ምስጢር በአምስት ደቂቃ ተፈታ። እህቴ ትራስ ወረወረችብኝ።

ማታ እናቴ እንደገና ቡና ስታፈላ ስለሴትየዋ ዓይን ተናዘዝሁ። ጋሼ ተቆጡ። «ቀድመህ ብትናገር ምን ነበረበት? በል መልሰው፣ ትግለጥና እንያት።»

ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ከፍቼ፣ ማንም እንዳይነካው ሶኬቱ ሥር ተቀመጥሁ። ወፎቹ ጮኹ፤ ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች፤ አርገበገበችም። ዞር ስል ጋሼ ስኒያቸውን እንደያዙ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ እትዬም ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈዋል። የነቃችው እናቴ ብቻ ነበረች።

«ድምፁን ቀንሰው» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «እነዚህ ወፎች ይቀሰቅሷቸዋል።»