ፖስታ ይዤ ለቅሶ ቤት የሄድኩ ዕለት

ከጃፓን አዲስ አበባ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ሥራ ነበር። ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመቴን ያዝኩ። «እንዴት ለመድሽው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። (መንገድ ላይ «ቻይና!» የሚለኝን እንተወው።)

ቋንቋው እንደፈራሁት አልሆነም። በጃፓንኛም ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ካና የሚባለው የእኛ ጽሕፈትም እንደ ፊደል «ካ፣ ኪ፣ ኩ» እያለ ይሄዳል። ዘመን አቆጣጠሩም አላስደነገጠኝም፤ እኛም ከፈረንጁ ጎን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እንቆጥራለን፤ የፈረንጆቹ 2019 ለእኛ ሬይዋ አንድ ነበር። ያስለቀሱኝ «ጠ» እና «ቀ» ናቸው። ሰዓቱም ጉድ ሠርቶኛል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተቀጠርኩበት ቦታ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ደርሻለሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ከአገሬ ልጆች ጋር ብቻ ነው። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። ጎረቤቶቼን ከሰላምታ በላይ አላውቃቸውም ነበር።

ከዚያ ፊት ለፊት የሚኖሩ አዛውንት አረፉ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚኬደው ኮደን የሚባል ገንዘብ በፖስታ ተይዞ ነው። ላዩ ላይ ስም ይጻፋል። ብሩ አዲስ መሆን የለበትም፤ ሞቱን አስቀድመህ ስትጠብቅ የነበርክ ያስመስላል። አዲስ ከሆነ መሃሉ ላይ ይታጠፋል። እኔም መቶ መቶ ብሮቼን አጣጥፌ፣ ጥቁር ለብሼ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ፖስታውን በሁለት እጄ ለሟች ልጅ ሰጠሁ፣ እጅ ነሣሁ፣ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ልጅቷ ፖስታውን እንደያዘች ቀረች።

ደጃፍ ላይ አንዲት የሰፈር እናት ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ገንዘቡን እድሩ ይሰጣል። አንቺ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ንፍሮ ዘገኑልኝ። ብዙ ያወራኝ የለም፤ እኔም ምንም አላልኩም። ስወጣ መሽቶ ነበር።

በሳምንቱ እድር ገባሁ። መመዝገቢያ ከፈልኩ፣ ቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ተነገረኝ። ዳኛው ቤተሰብ ሲመዘግቡ «አባት?» አሉኝ። «ያሉት ጃፓን ነው» አልኳቸው። «ጃፓን አባት አይሞትም እንዴ?» አሉና ጻፉት። አዲስ ለሚመጣ የአገሬ ሰው አሁን የምለው ይህንን ነው፤ ቤት በተከራየህ ሰሞን የእድሩን ጸሐፊ ፈልግ።

አምና አባቴ አረፈ። ለቀብሩ አልደረስኩም። ስልኩ የመጣው ሌሊት ነው፤ የነገርኩት ለእኚያ እናት ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ድስት ጥደዋል። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴን አይተውት የማያውቁ ሰዎች አብረውኝ ተቀመጡ። አንዷ ፎቶውን ጠየቀችኝና አይታው አለቀሰች።

እናቴ ድንኳኑን በቪዲዮ አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና «የሰጡሽን ሁሉ ጽፈሽ ያዢ፣ ግማሹን በስጦታ መመለስ አለብን» አለችኝ። እኛ ዘንድ ደንቡ እንደዚያ ነው። ለዳኛው እንደምንም አስረዳኋቸው።

ሳቁ። «በሚቀጥለው ሽንኩርት ትልጫለሽ» አሉኝ።