ነጭ ቅጠል

ዛሬ ጠዋት ችግኝ ክፍሉን ስከፍት ከላይ የወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ነጥተዋል። 14 ቀን ስጠብቀው የነበረ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ተክሏ የትምባሆ ዘመድ ናት፤ ኒኮቲያና ቤንታሚያና ትባላለች። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቅጠሏ ጀርባ ባክቴሪያ አስገብቼባት ነበር። ባክቴሪያው ተሸካሚ ነው። የያዘው የቶባኮ ራትል ቫይረስን መረጃ ነው፤ እዚያ ላይ ፒ ዲ ኤስ ከሚባለው ከራሷ ጂን የተቆረጠች ቁራጭ ተቀጥላለች። ተክሏ ቫይረሱን ስትከላከል የመልእክት ቅጂውን፣ አር ኤን ኤውን፣ ከ21 እስከ 24 ፊደል እያደረገች ትከትፈዋለች። ከዚያ በቁርጥራጮቹ እየለየች የሚመስላቸውን ሁሉ ታጠፋለች። የራሷ ጂን መልእክትም አብሮ ይሄዳል። ያለ ፒ ዲ ኤስ ካሮቲኖይድ የሚባለው የቅጠል ቀለም አይመረትም፤ ያለ ካሮቲኖይድ ደግሞ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ብርሃን ያበላሸዋል። ዲኤንኤዋ ግን አልተነካም። ጂኑ አለ፣ ዝም ብሏል።

በሚያዝያ የሞከርኩት አልሠራልኝም ነበር። ይህ ቫይረስ ሥራውን በደንብ የሚሠራው 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት ላይ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ጋለ፤ ቅጠሎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። አልቅሻለሁ።

ማታ ጣና ዳር ተቀምጬ አባዬ ጋ ደወልኩ። ደንገል የጫነ ታንኳ እየገባ ነበር።

«ቫይረስ አይደል እንዴ በርበሬዬን የፈጀው? አንቺ ታሳድጊዋለሽ?» አለኝ። ድምፁ ከፍቶታል። ያን ዓመት ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ማሳው ቢጫ ሆኖ ሲቀር አብሬው ነበርኩ።

«እማዬ ለልቅሶ ሄዳ ሦስት ቀን የቆየች ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አልኩት። ውሃ የሚቀዳ፣ እርሾ የሚያስብ፣ ጥጆቹን የሚለይ ማን እንደነበር ያኔ ነው የገባን። እኔም ጂኑን ለጥቂት ጊዜ ከቤት አወጣዋለሁ። የጎደለውን አይቼ ሥራውን አውቃለሁ።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እንግዲያው በርበሬን ጠይቂልኝ። ለበሽታው በር የሚከፍትለት ማን ነው?»

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ ከተክሉ ፕሮቲን ይዋሳል። በርበሬን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዳንዶቹ ኢ አይ ኤፍ 4 ኢ የሚባለውን ይፈልጋሉ። እሱ በተፈጥሮ የተለወጠባቸው የበርበሬ ዝርያዎች ለእነዚያ ቫይረሶች አይበገሩም። ሌላ ስንት በር ይኖር ይሆን? በርበሬም በዚሁ በራትል ቫይረስ ይጠየቃል።

ባለፈው ከአባዬ ጎተራ ያመጣሁት ማረቆ ፋና የሚባል የበርበሬ ዘር ነበረኝ። ቤት እንደገባሁ በትንሽ ኩባያ ነከርኩት።