ጥቁሩን ያልቀባው ሠዓሊ

የጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ የገባሁት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከኤርፖርት ያመጣኝ ባለታክሲ በአገሩ ገንዘብ 90 ላሪ ተቀበለኝ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጠዋት ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ሰው የሚከፍለው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም አለችኝ። ክፍሉም በረዶ ነበር። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ እንጂ አንዴም አልሞቀም። ጃኬቴን እንደለበስኩ አደርኩና እየተናደድኩ ወደ ሩስታቬሊ ጎዳና ወረድኩ። ጆርጂያ ድረስ የመጣሁት ለሠዓሊው ኒኮ ፒሮስማኒ ብዬ ነው።

ብሔራዊ ጋለሪው ውስጥ ሥዕሎቹ ያሉበት ክፍል ስገባ ንዴቴ በረደ።

ፒሮስማኒ እ.ኤ.አ. በ1862 በምሥራቅ ጆርጂያ ካኬቲ በሚባል አካባቢ፣ ሚርዛኒ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ሥዕል ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም። ባቡር ላይ ሠራ፤ ወተት ቤት ከፈተ፤ አንዱም አልዘለቀለትም። ከዚያ በየመጠጥ ቤቱ እየዞረ የበር ማስታወቂያና የግድግዳ ሥዕል መሥራት ያዘ። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በምግብና በመጠጥ ነበር። እኛ አገር ሥጋ ቤት በር ላይ በሬ የሚሥሉት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ስማቸውን ጠይቀን እናውቃለን? ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ቀጭኔ የሣለበት ሥዕል ፊት ብዙ ቆምኩ። እግሩ የቀጭኔ እግር አይመስልም። ዓይኑ ግን የሰው ነው፤ ፈራ ብሎ ቀጥ አድርጎ ያያችኋል።

ከዚያ አንድ የግብዣ ሥዕል ጋ ስደርስ ክፍሉን የሚጠብቁት ጠና ያሉ እናት መጡ። ቋንቋ አንግባባም። እጅጌዬን ይዘው ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝና ብርሃኑ ሥዕሉ ላይ ወደሚያርፍበት ጠቆሙኝ። ያኔ አየሁት። ነጩና ቢጫው ወፈር ብሎ ተቀብቷል፤ የብሩሹ መስመር ሳይቀር ይታያል። ጥቁሩ ላይ ግን ቀለም የለም። ፒሮስማኒ ይሥል የነበረው ዘይት በጠጣ፣ ውሃ በማያስገባ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነው። ጥቁር ሲፈልግ ጨርቁን እንዲሁ ይተወዋል። ብርሃኑን ብቻ ነው የሚቀባው። ሥዕሎቹ ከጨለማ ውስጥ የወጡ የሚመስሉት ለካ ለዚህ ነው! እናትየው ፊቴን አይተው ሳቁ፤ ወንበራቸውንም አምጥተው አስቀመጡኝ። እንዲህ ያለ ደግነት የትም አገር ሲገጥመኝ ሆዴ ይባባል።

በ1912 ወጣት ሠዓሊዎች መጠጥ ቤት ውስጥ ሥራዎቹን አይተው ተደነቁ፤ በዓመቱ ሞስኮ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረቡለት። በ1916 የጆርጂያ ሠዓሊዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተጋበዘ። ከተማው መሃል ትልቅ ቤት ይኑረን፣ ሻይ እየጠጣን ስለ ሥዕል እንጫወት የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር ይባላል። ምኞቱ ይሄው ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጋዜጣ በካርቱን ተሳለቀበት። አንገቱን ደፍቶ ከሰው ራቀ። በ1918 በድህነት ሞተ፤ የተቀበረበት ቦታ በእርግጠኝነት አይታወቅም። በኋላ አገሩ የአንድ ላሪ ኖት ላይ መልኩን አተመች። ያኔ አንድ ሰው ቤት ተከራይቶለት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ሲግናጊ ወደምትባል የካኬቲ ከተማ ሄድኩ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ያለው ሙዚየምም የእሱ ሥዕሎች አሉት፤ ሰውም አይበዛበትም። ብቻ ሰኞ እንዳትሄዱ፣ ሙዚየሞቹ ዝግ ናቸው።