ሹራብ ላይ የተለካ ቬሎ

ደብረ ብርሃን አንድ ቬሎ ቤት ነው የምሰራው፣ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማስለካቱም ማጥበቡም ማስመረጡም በኔ ነው፣ አሰሪዬ ሂሳብ ላይ ነው የምትቀመጠው። እና እንግዲህ በዚህ ስራ ማንም አይበልጠኝም ብዬ ደረቴን ነፍቼ በምሄድበት ሰዓት ነው ይሄ የገጠመኝ።

ኅዳር መጨረሻ ነበር። የኛን ከተማ በኅዳር የቀመሳት ያውቃታል፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ የተተከለው ወደው አይደለም እያልን እንቀልዳለን። ከሸዋ ሮቢት አራት ሆነው መጡ፣ ሙሽሪት፣ እናቷ፣ አክስቷና ሚዜዋ። ሸዋ ሮቢት ከኛ 90 ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሌላ አገር ነው፣ ቆላ። ስለዚ ልጅቷ ስትገባ ከላይ ጃኬት፣ ከውስጥ ወፍራም ሹራብ፣ ከስር ደግሞ ታይት፣ እንዲያም ሆኖ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

አራት ቬሎ ለካች። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አብሮ የሚመጣው ሰው በበዛ ቁጥር ሙሽራ ዝም ነው የምትለው። አክስት "ይሄ አወፈራት" ትላለች፣ ሚዜ ስልኳን አውጥታ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ታሳየኛለች፣ እናት ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ባለጉዳይዋ መሃል ላይ ቆማ ሁሉንም እሺ እሺ። እኔ የነሱን አፍ አልሰማም። የወደደችውን ስትለብስ ከፊት ያየችው አይበቃትም፣ ዞር ብላ ጀርባዋን በመስታወት ትፈልጋለች፣ እሱን ነው የምጠብቀው። ይቺም አራተኛው ላይ ዞረች። ሳቴን ነው፣ ትከሻ የለውም፣ ጀርባው በዚፕ የሚዘጋ።

እናትየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ልጄ፣ ትከሻሽ ሁሉ ሜዳ ላይ?"

"እትዬ ቤተክርስቲያን ካባ ትደርባለች፣ ምንም አይታይም" አልኳቸው።

"ቤተክርስቲያኑንስ ካባው ሸፈነው፣ ድንኳን ውስጥስ? ጨፍሪ ሲሏትስ?"

"የዘመኑ ነው እትዬ" ብዬ ዘጋኋቸው። ያኔ ዝም ብዬ ብሰማቸው ኖሮ።

ቬሎው ትንሽ ሰፍቷት ነበር፣ መጥበብ ነበረበት። ልጅቷ በብርዱ የተነሳ ሹራቡን አላወለቀችም፣ እጅጌውን አውጥታ ደረቷ ላይ ጠቅልላው ቬሎውን ከላዩ ነው የለበሰችው። አውልቂ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም፣ አንደኛ አሳዘነችኝ ሁለተኛ ውጪ ሌሎች ሙሽሮች ተቀምጠው ሰዓት ያያሉ፣ በቃ ሜትሬን አውጥቼ ደረት ወገብ ዳሌ ብዬ በሹራቡ ላይ ለካሁ። ጫማዋንም ታኮ አላረገችም ነበር፣ እሱ እንኳን ይቅር። ሰርጉ ሲቃረብ ለሁለተኛ ልኬት ነይ ስላት መንገዱ ሩቅ ነው ሚዜዬ መጥታ ትውሰደው አለች፣ እሱንም እሺ አልኩ። በዛ ላይ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ እስከ ገና እየጾመች ከሰርግ ሃሳብ ጋር ልጅቷ ከስታለች፣ እኔ በምን አባቴ ልወቅ።

ትከሻ የሌለው ቬሎ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆም ይመስላል እንጂ የሚይዘው ወገብ ነው። ወገቡ ከላላ አለቀ። ጀርባው በገመድ የሚታሰር ቢሆን እንኳን ጎተት አርገው ያስሩት ነበር፣ ዚፕ ግን ወይ ይዘጋል ወይ አይዘጋም፣ መሃል የለውም።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ፣ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ሚዜዋ ናት። "እህቴ ድረሽልን፣ ቬሎው አልቆም አለ!" ለሙከራ አልብሰዋት ሚዜዎቹ ሲያጨበጭቡላት አንዴ እስክስታ ብትወርድ ቬሎው እምብርቷ ጋ ደርሷል፣ በማጣበቂያ ቴፕ ሞክረው ላቡ አስለቀቀው። እኔ መርፌና ክር፣ ትርፍ ሳቴን፣ ሰባት ስምንት መርፌ ቁልፍ በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ያህል ይነዳል፣ ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሆዴ ደግሞ ያለኔ ጠላት የላትም ሙሽራዋ እያለ ይበላኛል። ደብረ ሲና ስንደርስ ጃኬቴን አወለኩ፣ ሸዋ ሮቢት ስገባ ሹራቤንም። ሹራቤን ሳወልቅ ነው ደሞ የገባኝ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ይሄ ሁሉ የሷ መክሳት ነው እያልኩ ነበር እኮ የመጣሁት።

4 ሰዓት አካባቢ ስደርስ ሙሽራዋ ለብሳ ቁጭ ብላለች። ቬሎው ላይ ትከሻ አለ። እናትየው ከራሳቸው ያገር ልብስ ቀሚስ ጥለቱን ቆርጠው፣ ሁለት ማንገቻ አርገው፣ ወገቡንም ከውስጥ ሸምቅቀው በእጃቸው ሰፍተውታል። አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ነጭ ሳቴን ላይ። አንገቴን ደፋሁ።

"እትዬ ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በሹራብ ላይ ነው የለካኋት።"

"ትከሻ ሰራሁላት" አሉ ሳቅ ብለው። "ነይ ይልቅ እህል ቅመሺ፣ ሙሽራው ሳይመጣ።"

ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ሆኜ ሳያት ያለ ሃሳብ ስትጨፍር ዋለች፣ እኔ ግን እያንዳንዱን እስክስታ በስጋት ነው ያየሁት።

አሰሪዬ ቬሎው ሲመለስ መያዣቸውን ላስቀር ብላ ነበር፣ ጥፋቱን ተናግሬ ከኔ ደሞዝ ተቆረጠ፣ ይገባኛል። ከዛ ወዲህ መልበሻ ክፍላችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሂተር አለ (መጀመሪያ ከሰል እናስገባ ብላ ነበር፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል ሰው ይገድላል ብዬ ነው ያስተውኳት)። ሙሽራ ሹራብ ለብሳ አልለካም፣ የሰርጓን ጫማ ሳትይዝ ርዝመት አልቆርጥም፣ ለሁለተኛ ልኬት ራሷ ካልመጣች ቬሎው ከቤት አይወጣም። ከዛ ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደላይ፣ አሁን ደሞ እስክስታ እላታለሁ። አንዳንዷ ታፍራለች፣ ስልኬ ላይ ዘፈን ከፍቼ እኔው እጀምርላታለሁ።

ቬሎው አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ጥለቱን ልፈታው ብዬ አንዱን ስፌት ሳነሳው ሳቴኑ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ቀረ፣ ተውኩት። ባለፈው ሳምንት እናትየው ደወሉልኝ፣ ታናሿ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ነው።

"አመጣታለሁ" አሉኝ፣ "ሹራቧን እዚሁ አስወልቄ።"