ሰሜን ተራሮች ላይ የመጀመሪያው አዳር

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በድንኳን ልታድሩ ከሆነ ብዙ ሰው የሚያስጠነቅቃችሁ ስለ ጅብ ነው። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ግን ብርዱ ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቢዘገይ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ድንኳን የሚተከልበት ሰፈር ድረሱ። ጭነታችሁ በበቅሎ የሚመጣ ከሆነ ወፍራም ጃኬት፣ የግንባር ባትሪና ውሃ በራሳችሁ ጀርባ ይሁኑ፤ በቅሎዎቹ ሁልጊዜ ከእናንተ እኩል አይደርሱም።

መጀመሪያ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መንገዱና ጸጥታው እንዴት እንደሆነ አጣሩ፤ ተመዝግባችሁ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) የምትይዙትም እዚያው ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ሳንቃበር የተባለው ሰፈር ቢሆን ይሻላል፤ 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ወደሚባለው ሰፈር ገብቶ 3,600 ሜትር ላይ ማደር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጋብዛል። ራስ ምታቱ ከጠናና ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ይነጋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ቦታ ስትመርጡ ከጎድጓዳው ራቁ። ለጥ ያለና ከነፋስ የተከለለ ስለሚመስል ያማልላል፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ያዙና ከመትከላችሁ በፊት መሬቱ ላይ ተጋደሙበት፤ ጀርባን የሚወጋ ድንጋይ በዓይን አይታይም። መጠነኛ ተዳፋት ካለው ራስጌው በላይ በኩል ይሁን። በሩን ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ አዙሩ።

ካስማው ቀጥ ብሎ ከተመታ በነፋስ ይነቀላል። አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ይግባ። ድንጋይ አላስገባ ካለ ገመዱን በትልቅ ድንጋይ ሥር አስሩ፤ ሽፋኑ ላይ ድንጋይ መጫን ግን ጨርቁን ይቀደዋል። የላይኛው ሽፋን የውስጡን ጨርቅ እንዳይነካ ወጥሩት፣ ከተነካካ ጤዛው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ናይለን እርጥበት ሲያገኘው ስለሚላላ ከመተኛታችሁ በፊት ገመዶቹን እንደገና ሳብ ሳብ አድርጉ።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የአየር መውጫው ላይ ነው። በረደኝ ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል፤ የትንፋሹ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና ሌሊቱን ልብሱ ይርሳል። በሁለት በኩል አንድ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ። ሙቀት በብዛት የሚወስደው መሬቱ ስለሆነ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ካላችሁ ከላይ ከመደረብ ከሥር አንጥፉት። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ግሩም ነው፤ ጥጥ በመሆኑ ከራሰ ግን አይሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። በላብ የራሰውን ካልሲና ካናቴራ ፀሐይ ሳትገባ ቀይሩ። ከሰል ድንኳን ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ፤ ጭሱ የጠፋ ቢመስልም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የማይሸት መርዛማ ጋዝ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላችኋል።

3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስርና ክክ አልበስል ብለው ጋዝ ይጨርሳሉ፣ ፓስታም ሊጥ ይሆናል። እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያው ማታ ሽሮና የድርቆሽ ፍርፍር፣ ለጠዋት በሶ እላለሁ። ትንሿ የቡታጋዝ ቆርቆሮ ውርጭ ላይ ካደረች ጠዋት እሳቷ ይደክማል፤ ማታ ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ትደር። ማገዶ መልቀም ክልክል ስለሆነ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ እንዳትነኩ።

ምግብ፣ ሳሙናም ጭምር፣ ሣጥን ውስጥ ተከድኖ ይደር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ማታ ገደሉ ላይ ወርደው ስለሚያድሩ አያሰጉም። ቁራዎቹ ግን ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ጨነቅ ላይማ ዓይን አውጣ ናቸው።

ጠዋት ሽፋኑ ውርጭ ይዞ ከሆነ ፀሐይ እስክትመታው ጠብቁ። ጊዜ ከሌለ ከውስጠኛው ለይታችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ቤት ስትገቡ ደግሞ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ እርጥብ እንደተጠቀለለ የከረመ ድንኳን ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።