የስክሌሮደርማ ታካሚን ቆዳ በእጄ የምለካው እንዴት ነው
ደብረ ብርሃን ውስጥ የውስጥ ደዌ ክትትል ላይ ነው የምሰራው፣ ሲስተሚክ ስክሌሮሲስ (ቆዳን ብቻ ሳይሆን የውስጥ አካላትንም የሚያጠነክረው የስክሌሮደርማ ዓይነት) ያለባቸው ታካሚዎች ብዙ ባይሆኑም ከመንዝም ከጣርማበር በኩልም ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ ቆዳቸው ላይ በሚወጣው ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ የተነሳ ለምጽ ነው ተብለው፣ ሌሎቹ ደሞ ቁርጥማት ነው ተብለው ብዙ ቦታ ዞረው ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። ቻርታቸውን ስገልጥ ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር «ቆዳው ጠንክሯል» ብቻ ተብሎ መጻፉ ነበር። የቱ ጋ ነው የጠነከረው? ምን ያህል? ካለፈው ብሷል ወይስ ለቋል? ይሄ ካልታወቀ ክትትሉ ምኑን ክትትል ሆነ።

ስለዚህ የቆዳን ውፍረት በነጥብ የሚያስቀምጠውን የተሻሻለውን የሮድናን ልኬት ለሁሉም መስራት ጀመርኩ። ጄራልድ ሮድናን አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፣ እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት 26 ቦታ የሚነካ ነበር፣ አሁን የምንጠቀመው ግን 17 ቦታ ነው፦ ፊት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ከዛ በግራም በቀኝም ጣቶች፣ የእጅ ጀርባ፣ ከክርን በታች፣ ከክርን በላይ፣ ጭን፣ ከጉልበት በታችና የእግር ጀርባ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ቢበዛ 51 ነው። ማሽን አይፈልግም፣ የሁለቱን እጆቼን ጣቶች ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ቆዳውን ከሁለት በኩል ወደ መሃል ገፋ አርጌ እጥፋት ለመስራት እሞክራለሁ። ውፍረት ከሌለውና እጥፋቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ 0፣ ትንሽ ወፍሮ ግን በቀላሉ ከታጠፈ፣ ቀጫጭን መስመሮች ቢታዩም፣ 1፣ በግድ ከታጠፈና መስመሮቹ ከጠፉ 2፣ ጭራሽ አልታጠፍ ካለ 3። ጣት ላይ የምይዘው በመዳፍ መገጣጠሚያና በመሃለኛው አንጓ መካከል ያለውን ጀርባ ነው፣ ጫፉን አይደለም።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው፣ ችግሩ ያለው እጅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ብርዱ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጭ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ደሞ ብርድ ሲነካቸው የጣታቸው ደም ስር ይጠብና ጣቱ ነጭ ከዛ ሰማያዊ ይሆናል፣ ገና ከመኪና ወርዶ የገባን ሰው ጣት ይዤ ብቆነጥጥ እሱንም አሳምመዋለሁ ቁጥሩንም አላምነውም። ስለዚህ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ አርገው ቁጭ ይላሉ፣ እስከዛ ስለ ትንፋሻቸው፣ ስለ መዋጥ፣ ስለ ቃር እጠይቃለሁ፣ የራሴንም እጅ አሞቃለሁ። ጸበል ለሚሄዱት ደሞ አትሂዱ አልልም፣ ስትወጡ ወዲያው አድርቃችሁ ጓንትና ካልሲ አድርጉ ነው የምለው።

ሁለተኛው ሻካራነትንና ውፍረትን መለየት ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው የእጅ ጀርባ በጸሐይና በብርድ ሻክሯል፣ ላዩን ስትነካው ጠንካራ ይመስላል፣ ስትቆነጥጠው ግን እጥፍ ይላል፣ እሱ 0 ነው። ይሄን ለመልመድ የጤነኛ ሰዎችን ቆዳ፣ የጥበቃውንም የጽዳቷንም የራሴንም በየዕድሜው እየቆነጠጥኩ እጄን አለማመድኩ፣ ለጀማሪም የምመክረው ከዚህ እንዲጀምር ነው። ከዚህ የባሰ አስቸጋሪው ግን በሽታው የቆየበት ሰው ነው፣ ቆዳው ሳስቶ ከስሩ ካለው ጋር ይጣበቅና አይነሳም፣ እዚህ ጋ የምለካው ውፍረት እንጂ መያያዙን እንዳልሆነ ለራሴ ደጋግሜ ማስታወስ አለብኝ። ያንን መጣበቅ ለብቻው በማስታወሻ እጽፈዋለሁ።

ሌላው፣ አንድ ቦታ ላይ ግማሹ ጠንክሮ ግማሹ ለስላሳ ሲሆን ከፍተኛውን የሚወስዱ ሐኪሞች አሉ፣ አማካዩን የሚወስዱም አሉ። እኔ አማካዩን ነው የምወስደው፣ የቱም ይሁን ግን መቀያየር የለበትም። በተቻለ መጠን አንድን ታካሚ ያው አንድ ሰው ይለካው፣ ምክንያቱም ያው ሰው ደግሞ ሲለካ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ነጥብ አካባቢ ነው፣ ሰው ሲቀየር ግን እስከ 5 ይደርሳል፣ 5 ነጥብ ደሞ በሽታው ባሰ ወይም ተሻለ ለማለት የሚያበቃ ለውጥ ነው። የድሮውን ቁጥርም ለክቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የማየው።

ሆድና ጭን ስለሚገለጥ መጋረጃ ግድ ነው፣ ሴቶችን ስለካ ነርሷ አብራኝ ትቆማለች። ይሄን መዝለል የሚወድ አለ፣ ግን የሚያስፈራው ዓይነት ከክርንና ከጉልበት በላይ የሚወጣው ስለሆነ ሆድና ደረት ካልተነካ ምኑን አየነው። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፣ «እትዬ፣ ካመመዎት ይንገሩኝ» ስላቸው «ኧረ የኔ ልጅ፣ አላመመኝም፣ ጎንበስ ስል ነው እንጂ ሆዴን ጨምድዶ የሚይዘኝ፣ ጉርሻም እንኳ አፌ አልከፈት አለኝ» አሉኝ። ሆዳቸው ባለፈው 0 ነበር፣ አሁን በግድ የሚታጠፍ ሆኖ 2 ሆነ፣ ድምሩም ከ5 በላይ ጨምሯል። እንዲህ በቶሎ የሚጨምር ቆዳ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ኩላሊት በድንገት ሊጎዳ እንደሚችል ምልክት ስለሆነ ያኔውኑ የደም ግፊት ለካን፣ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ አገኘነው፣ አስተኝተን ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ላክን፣ ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ተጀመረላቸው። ለቁርጥማት ተብሎ ሌላ ቦታ የታዘዘላቸውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድም ቀነስን፣ በቀን ከ15 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ለዚህ የኩላሊት ችግር ያጋልጣልና። አሁን ቆዳቸው እየባሰ ያለ ታካሚዎች ሁሉ በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ በየሳምንቱ ግፊት እንዲለኩ ወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ።

ዱሮሜትር የሚባል ለጎማ ጥንካሬ የተሰራ ትንሽ መሳሪያ አለ፣ ቆዳ ላይ ቀጥ አርገህ ስታስቀምጠው በራሱ ክብደት ቁጥር ይሰጣል፣ አልትራሳውንድም የቆዳን ውፍረት ይለካል። ቢኖሩን ደስ ይለኛል፣ ግን እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ቻርቱ ውስጥ 17ቱ ቦታ የተሳለበት አንድ ገጽ ወረቀት አስገብተናል፣ ልምምድ ላይ ያሉት ተማሪዎችም እየሞሉት ነው።

ደሞ ቁጥሩ ሲቀንስ ቶሎ መዝናናት የለም። ቆዳው ያለ መድኃኒትም ከጥቂት ዓመት በኋላ በራሱ ሊለሰልስ ይችላል፣ ሳንባው ግን ውስጥ ውስጡን ጠባሳ እየሰራ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቆዳው የለቀቀለትንም ሰው ጀርባውን አዳምጬ፣ አራምጄ ኦክስጅኑን ለክቼ፣ ስፓይሮሜትሪ (የሳንባን አቅም በትንፋሽ የሚለካ ምርመራ) እና ሲቲ ስካን የሚገኝበት እልከዋለሁ።